«ደመወዙ ነው ያከሰራቸው» ላላችሁት፦ የስተርን ውልና የሲሪየስ ዕዳ

ባለመዝገብ፦ ትናንት እዚሁ «ለአንድ አፍ 500 ሚሊዮን ዶላር ደመወዝ የከፈለ ጣቢያ ባይከስር ነበር የሚገርመው» ተብሎ ተለጠፈ፤ አጨብጫቢው ብዛቱ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። በክፍያ የሚደመጠው የአሜሪካ የሳተላይት ሬዲዮ ሲሪየስ ኤክስኤም እ.ኤ.አ. በ2009 የኪሳራ አፋፍ ላይ የደረሰው በሬዲዮ አቅራቢው በሃዋርድ ስተርን አይደለም። ፌብሩዋሪ 17 ቀን የሚከፈል ወደ 175 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ዕዳ ነበረበት። በ2008 መጨረሻ አበዳሪ ጠፋ፣ የመኪና ሽያጭም ወደቀ። አዲስ ተመዝጋቢ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ሬዲዮው ከፋብሪካ ተገጥሞ ከሚወጣ መኪና ነው።

ሞገድ፦ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ በስም ጥራኝ። ለስተርን በየዓመቱ 100 ሚሊዮን ባይወጣ ያ 175 ይከፈል ነበር። ሂሳብ እኮ ነው።

ባለመዝገብ፦ ሂሳብ ከሆነማ እንሥራው። የወር ክፍያው 12.95፣ የዓመቱ 155.40 ዶላር። 100 ሚሊዮንን ለዚያ ስታካፍል ወደ 643,000 ይመጣል፤ ስተርን ያን ያህል ተመዝጋቢ ካመጣ ወጪውን ሸፈነ ማለት ነው። ኦክቶበር 2004 ስተርን ሊመጣ ነው ሲባል ሲሪየስ አንድ ሚሊዮን ሰው አልነበረውም። በ2005 መጨረሻ ከ3 ሚሊዮን አለፈ። ሰውየው ስርጭት የጀመረው ጃንዋሪ 9 ቀን 2006 ነው፤ ገና ማይክ ሳይዝ ማለት ነው።

ሞገድ፦ ሁሉም ለእሱ ነው የመጣው? ደግሞስ አንድ ተመዝጋቢ ለማምጣት ለመቀበያው ድጎማና ለመኪና አምራቹ ከ100 ዶላር በላይ ይወጣ ነበር። እሱን ቀንስ። ለሙዚቃ ባለመብቶች የሚከፈለውን ሮያሊቲ ቀንስ። ከርሞ የሚያቋርጠውን ቀንስ። 643 ሺህህ ሚሊዮን ይሻገራል።

ባለመዝገብ፦ ይሻገራል፣ አልካድኩም። እሱንም ቢሆን አመጣ።

የሕግ ጓዳ፦ ሁለታችሁም «ደመወዝ» በምትሏት ቃል ላይ ተኝታችሁ ነው የምትጣሉት። 500 ሚሊዮኑ የአምስት ዓመት የፕሮግራሙ በጀት ነው፤ የባልደረቦቹ ክፍያ፣ የስቱዲዮው ግንባታ፣ ሌላውም ሥራ ከዚያው ይወጣል። ውሉም የተፈረመው ዋን ትዌልቭ ከሚባለው የስተርን ድርጅት ጋር ነው።

ሞገድ፦ ኪሱ የገባው ደመወዝ ነው፣ በምን ስም ቢፈረም።

የሕግ ጓዳ፦ ኪሳራ ሲመጣማ ልዩነቱ የትየለሌ ነው ወንድሜ። ጣቢያው ቻፕተር 11 ወደሚባለው የኪሳራ ሕግ ጥበቃ ቢገባ ኖሮ በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ አንቀጽ 365 መሠረት ውሉን ወይ ይቀበለዋል ወይ ይጥለዋል። ከጣለው ስተርን ካሳ ይጠይቃል፤ ግን ዋስትና ከሌላቸው ባለገንዘቦች ጋር ተሰልፎ፣ ከዶላሩ ሳንቲሞች ነው የሚደርሱት። ተቀጣሪ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 502 ውሉ በመቋረጡ የሚጠይቀውን ካሳ በአንድ ዓመት ክፍያ ይገድብበታል። ድርጅት ከሆነ «ይህ ገደብ እኔን አይመለከትም» ብሎ ይሟገታል። ለዚህ ነው ደመወዝ አትበል የምልህ።

ጋሽ አንቴና፦ ልጆች፣ እናንተ ስለ ካሳ ታወራላችሁ፣ ሰውየው ጥሎ ወደ ኤፍኤም ቢመለስስ?

የሕግ ጓዳ፦ ጋሼ፣ ጣቢያው እስኪወስን ድረስ በፈቃዱ ውል ማፍረስ አይችልም። ዳኛ «ተናገር» ብሎ አያስገድደውም፤ «ሌላ ቦታ እንዳትናገር» ብሎ ግን ሊያግደው ይችላል።

ጋሽ አንቴና፦ ኧርገን ቢወስደውስ? የሳተላይት ኩባንያው የኢኮስታሩ ቻርሊ ኧርገን ያንን ዕዳ ሲለቅም እኮ ነበር።

የሕግ ጓዳ፦ እሱ ላይ ነው ጨዋታው። የግል ችሎታ ላይ የቆመ ውል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ አይተላለፍም። ኧርገን ንብረቱን ብቻ ገዝቶ ቢሆን ስተርንን አብሮ አያገኝም። ዕዳውን ወደ አክሲዮን ቀይሮ ኩባንያውን ራሱን ቢይዝ ግን ውሉ ባለበት ይቀጥላል።

ባለመዝገብ፦ ደግነቱ ኪሳራው አልደረሰም። የባለሀብቱ የጆን ማሎን ኩባንያ ሊበርቲ ሚዲያ የመክፈያው ዕለት 530 ሚሊዮን ሊያበድር ተስማማ።

ሞገድ፦ በ15 በመቶ ወለድ! ላዩ ላይ ወደ 40 በመቶ ድርሻ የሚቀየር አክሲዮን! ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ስተርን ግን ምን ጎደለው?

ባለመዝገብ፦ ጃንዋሪ 2006 ለእሱና ለወኪሉ 34 ሚሊዮን ገደማ አክሲዮን ተሰጠ፤ ያኔ ወደ 220 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል። በዚያ ፌብሩዋሪ አንዱ አክሲዮን 5 ሳንቲም ድረስ ወርዷል። ሳይሸጥ ቢቆይ 1.7 ሚሊዮን። አክሲዮን ለሚቀበል አቅራቢ ሁሉ ትምህርት ነው፤ ጥሬ ገንዘቡን አስቀድም።

ሞገድ፦ ታዲያ ለምን በ2011 ተጨማሪ አክሲዮን አምጡ ብሎ ከሰሳቸው? አክሲዮኑ ከሳንቲሙ ሲነሳ አየና!

ጋሽ አንቴና፦ እዚህ ላይ ልጁ እውነቱን ነው።

የሕግ ጓዳ፦ ጋሼ እርስዎም? ክሱ የተመዝጋቢ ቁጥር ግብ ሲያልፍ በሚከፈል ጉርሻ ላይ ነው። ጭቅጭቁ ሲሪየስ በ2008 ከተፎካካሪው ከኤክስኤም ጋር ከተዋሐደ በኋላ የኤክስኤም ደንበኛ ይቆጠራል ወይ የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2012 አይቆጠርም አለ፤ ውሉ ግልጽ ነው ብሎ ክሱን ዘጋው።

ባለመዝገብ፦ የኤክስኤም ሰዎች ወደ 4 ዶላር ጨምረው በራሳቸው መቀበያ ስተርንን ይሰሙ አልነበር? እነሱስ የማን ናቸው?

የሕግ ጓዳ፦ ፊርማው ላይ የተጻፈው ናቸው። ሲፈራረሙ «የተዋሐደ ኩባንያ ደንበኛም ይጨምራል» የምትል አንድ መስመር ማስገባት ነበረባቸው።

ሞገድ፦ አያችሁ፣ ከደመወዝ ተነስታችሁ ኤክስኤም ደረሳችሁ። እኔ ያልኩት አልተነካም።

ባለመዝገብ፦ አልተነካም? ያከሰራቸው እሱ ከሆነ ዲሴምበር 2010 ለአምስት ዓመት እንደገና ለምን አስፈረሙት?

ሞገድ፦ በስንት?

ባለመዝገብ፦ ዋጋውን ይፋ አላደረጉም።

ሞገድ፦ 500 ሲሆን በመለከት፣ ሲቀንስ በሹክሹክታ።

ባለመዝገብ፦ ቀነሰ ያለህ ማነው?