ፍሎሪዳ ኪስ (በአሜሪካ የፍሎሪዳ ደቡብ ጫፍ ያሉት ደሴቶች)፦ ሎብስተሮቹ የት ገቡ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ደሴቶቹ ላይ ማራቶን ከተማ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ኦገስት ላይ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ፣ ሁለት ሜትር በማይሞላ ውሃ፣ ሎብስተር (ያ ረጅም አንቴና ያለው፣ ጠንካራ ቅርፊት የለበሰው የባሕር እንስሳ) እንደ ልብ ነበር። ባለፈው ሳምንት ያ ኃይለኛ የሰሜን ንፋስ ካለፈ በኋላ እዚያው ቦታ ብንጠልቅ ባዶ! ሰው ጨረሳቸው ወይስ ራሳቸው ሄዱ?

የድሮ ጠላቂ፦ ሰውም ትንሽ አላስተረፈም፣ ግን ዋናው ንፋሱ ነው። በመኸር የመጀመሪያው ብርድ ሲመጣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ይደፈርሳል። ያኔ ትልልቆቹ ተነስተው ወደ ጥልቁ ይጓዛሉ። አንዴ በዓይኔ አይቻለሁ፦ አንዱ አንቴናውን የፊተኛው ጅራት ላይ አስደግፎ፣ ልክ እንደ ግመል ቅፍለት ተሰልፈው። ሲሰለፉ ውሃው ብዙ አይገፋቸውም፤ ጉልበት ይቆጥባሉ።

እህታችሁ ከማያሚ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ባሕረ ሰላጤው ለነሱ ማደጊያ ነው። እንቁላሉ የሚፈለፈለው ውጭ፣ ኮራሉ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ዓለት መሰል ክምር) አካባቢ ነው። እጮቹ ለወራት ውቅያኖስ ላይ ሲንሳፈፉ ቆይተው ወደ ዳር ይመጣሉ። መጀመሪያ የባሕር ሣርና አልጌ ውስጥ፣ ከፍ ሲሉ የባሕር ስፖንጅ (ወለሉ ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ) ሥር ይደበቃሉ። ሲጎለምሱ ወደ ኮራሉ ይወጣሉ። ስለዚህ ትንንሾቹ አሁንም እዚያው አሉ፤ እነሱን ተዋቸው።

ጠያቂ፦ ታዲያ አሁን የት ልፈልግ?

የድሮ ጠላቂ፦ በአትላንቲክ በኩል፣ ኮራሉ ጋ። ንፋሱ በረድ እስኪል ሁለት ሦስት ቀን ታገስ፤ በድፍርስ ውሃ ምንም አታይም። ደግሞ ኮራሉ ላይ ማጥመድ የተከለከለባቸው ክልሎች አሉ፣ ካርታውን ሳታይ እንዳትጠልቅ።

እህታችሁ ከማያሚ፦ ፈቃዱንም እንዳትረሳ። የዓሣ ማጥመጃው ፈቃድ ብቻ አይበቃም፣ የሎብስተሩ ፈቃድ ለብቻው ነው። ወቅቱ ከኦገስት 6 እስከ ማርች 31፣ ለአንድ ሰው በቀን 6። የጀርባው ቅርፊት ከ3 ኢንች መብለጥ አለበት፤ የሚለካውም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ሆዷ ሥር እንቁላል የያዘች ካገኘህ ወዲያው ልቀቃት።

ዝም ብዬ አንባቢ፦ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ ተብሎ የለ እንዴ? 😄 እናቴ ብትሰማ...

ጠያቂ፦ ሃሃ፣ ለእናትህ እንዳትነግርብኝ። እኛ ለካ የምንለካው ጀልባ ላይ አውጥተን ነበር! ከእንግዲህ መለኪያዋን እጄ ላይ አስሬ ነው የምጠልቀው። ቅዳሜ ንፋሱ ከበረደ በአትላንቲክ በኩል እንሞክራለን።