«ፓስ» ያሉት ቡና አለፈ ወይስ ቀረ? የእንግሊዝኛ ፈሊጥ እንዴት ይለመዳል?

ጠያቂ፣ ከፈረንጅ አራዳ

ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ጅማ፣ ቡና ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ፤ ከገዢዎች የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አንብቤ መልስ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሰዋስው አይከብደኝም። የሚያሸንፈኝ ፈሊጡ ነው። በቅርቡ ለአንድ ገዢ ሁለት ናሙና ላክን። ስለ አንደኛው «ዊ ዊል ፓስ ኦን ዚስ ሎት» ብሎ ጻፈ። «ፓስ» ካለማ ቅምሻውን አልፏል ብዬ ለሥራ አስኪያጃችን በደስታ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ጆንያ አዘዙ። ለካስ «ይህኛው ይቅርብን» ማለቱ ነበር። ትናንት ደግሞ ስለ ሁለተኛው «ዘ ቦል ኢዝ ኢን ዩር ኮርት» የሚል መጣ። «ኮርት» የሚለውን ሳይ ፍርድ ቤት ሊያቆሙን ነው ብዬ እንቅልፍ ሳይወስደኝ አደረ። የስልኬ መተርጎሚያም አንዳንዴ ቃል በቃል እየገለበጠ ያሳስተኛል። እንዲህ ያለውን አነጋገር በምን ዘዴ ልማረው?

ተማሪ፣ ከጅማ

እኔ በቀን ዐሥር ዐሥር እየጻፍኩ በቃሌ እይዛለሁ። በሁለት ወር 600 ይሆናል። ሞክሪው።

የእንግሊዝኛ መምህር

ልጄ፣ አይዞሽ፤ የሚከስሽ የለም። እዚህ ላይ «ኮርት» የቴኒስ ሜዳ ነው። ኳሷ በእናንተ ሜዳ ናት፣ ተራው የእናንተ ነው ማለቱ ነው። የእኛም ጋዜጦች «ኳሱ በእነ እገሌ ሜዳ ነው» ይላሉ። ሰውየው መልስሽን እየጠበቀ ነውና ዛሬውኑ ጻፊለት።

የተማሪውን ትጋት አደንቃለሁ፤ ዘዴውን ግን አልደግፍም። 600 ፈሊጥ ደርድሮ ያጠና ልጅ ያንኑ ፈሊጥ ደብዳቤ ውስጥ ሲያገኘው ሳያውቀው ያልፋል። በክፍሌ ደጋግሜ አይቻለሁ። ዝርዝሮቹም የሞተውን ከሕያው አይለዩም። ስለ ኃይለኛ ዝናብ «ድመትና ውሻ ዘነበ» የሚለው የማይገኝበት ዝርዝር የለም፤ ዛሬ ግን እንግሊዞቹ ራሳቸው እምብዛም አይሉትም።

ያሳሳተሽን «ፓስ» እንየው። «ፓስድ ዘ ቴስት» ከሆነ ፈተናውን አለፈ ነው። የቀረበ ነገር ኖሮ «ፓስ ኦን» ከተባለ ይቅርብኝ ነው። ግን «ፓስ ኦን ዘ ሜሴጅ» ሲሉሽ መልእክቱን አድርሺ ማለታቸው ነው። «ፓስድ አዌይ» ደግሞ እኛ «ዐረፈ» እንደምንለው የሞት ጨዋ ስሙ ነው። አየሽ፣ ቃሉ ያው ነው፤ ትርጉሙን የሚወስኑት ጎረቤቶቹ ናቸው። ስለዚህ ነጠላ ቃል ይዘሽ መዝገበ ቃላት አትግቢ። የካምብሪጅና የኦክስፎርድ የቋንቋ ተማሪ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ፤ ሐረጉን እንዳለ ጻፊበት።

ከዚያ ደብተር ይኑርሽ። ደብዳቤው ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ገልብጪ፣ ከሥሩ ማን ለማን ስለ ምን እንደጻፈው አስፍሪ። የአማርኛ አቻ ካለው ከጎኑ አኑሪው። «ኮት ሬድ ሃንድድ» እጅ ከፍንጅ ተያዘ ነው፤ «ተርን ኤ ዴፍ ኢር» ጆሮ ዳባ ልበስ አለ ነው። የአዞ እንባማ በሁለቱም ቋንቋ ያው የአዞ እንባ ነው። አቻ የሌለውን በግድ አታጋቢው።

ለሥራሽ የሚያስፈልግ አንድ ልጨምር፦ «ቦል ፓርክ ፊገር» ስጡን ካሉሽ ከቤዝቦል ሜዳ የመጣ አነጋገር ነው፤ የሚፈልጉት ግምታዊ ዋጋ ነው። የመጨረሻ ዋጋሽን አውጥተሽ እንዳትሰጫቸው።

አስጎብኚ፣ ከጅሬን

መምህር በትክክል ብለዋል። እኔ አፌን የፈታሁት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛን የለመድኩት ሂርማታ ገበያ ነው። ነጋዴው «ውሃ ቀጠነ አትበል» ሲለኝ ማንም አላስረዳኝም፤ ፊቱን አይቼ፣ ንግግሩን ሰምቼ ገባኝ። እንግሊዝኛውም የመጣልኝ በዚያው መንገድ ነው። አንዲት እንግዳ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ደረጃ ስንወጣ ቆም ብላ «አይ አም ፊሊንግ አንደር ዘ ዌዘር» አለችኝ። «ዌዘር» አየር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። አሟታል ማለት ነው። ጥላ ሥር አስቀምጬ ውሃ አመጣሁላት። እህቴ፣ ከንባቡ ጋር ጆሮሽንም አሠሪ። የቢቢሲ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል በጥቂት ደቂቃ አንድ አባባል የሚያስረዳ ዝግጅት አለው፤ ወደ ሥራ ስሄድ እሰማዋለሁ።

የፕሮጀክት ሠራተኛ

የገዢውን አገርም እይ። ስብሰባ ላይ አንድን ጉዳይ «ቴብል» እናድርገው ሲባል በእንግሊዝ ለውይይት ይቅረብ ነው፤ በአሜሪካ ለጊዜው ይቆይ ነው። ፍጹም ተቃራኒ!

ፈሊጥን ለመረዳት አጥኚው እንጂ አንቺ ስትጽፊ አትጠቀሚበት። ገዢው ጀርመናዊ ወይም ጃፓናዊ ከሆነ እንግሊዝኛ ለእሱም የተማረው ቋንቋ ነው። ያልገባሽን «ትቀበላላችሁ ወይስ አትቀበሉም?» ብለሽ ጠይቂ። ይህ ነውር የለውም፤ ከሚታዘዘው ጆንያም ይረክሳል።

ጠያቂ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ ደብተሩን ዛሬ ጀመርኩ፤ የመጀመሪያው ገጽ «ፓስ» ነው። እንደተባለውም ዋጋችንን ጽፌ «ሁለተኛውን ናሙና ትቀበላላችሁ ወይስ አትቀበሉም?» ብዬ ጠየቅሁ። አሁን መልሱ መጣ፤ «ዊ አር ጉድ ቱ ጎ» ይላል። ይህስ መሄድ ነው ወይስ መቅረት?

የእንግሊዝኛ መምህር

የሚቀር የለም፤ ተስማምተናል፣ ሥራው ይቀጥል ነው የሚሉሽ። ውሉ ተፈርሞ በእጅሽ ሲገባ ጆንያውን አሰናጂ።