ሎክ ይዤ ነው የማጠፋው፤ ታዲያ ከርነሉ ለምን ይወድቃል?

የማራኪዋ፦
ሰላም ጎበዝ። ሦስት ቀን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ይዤ መጣሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ትንሽ የሊኑክስ ከርነል ሞጁል ነው፣ የሲስተሙ እምብርት ላይ የሚሰካ ኮድ። ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ የኢንተርኔት ቤት የትኛው ኮምፒውተር ስንት ፓኬት እንደላከ ይቆጥራል። ፓኬት በመጣ ቁጥር የኔትፊልተር ሁኬ፣ ማለትም ከርነሉ በየፓኬቱ የሚጠራው ፈንክሽኔ፣ አይፒውን ሊስት ውስጥ ይፈልጋል። ካገኘው ቆጣሪውን ይጨምራል፤ ካጣው አዲስ ያስገባል። በሌላ በኩል አንድ ወርክኪው (ከጀርባ የሚሄድ ሥራ) በየ30 ሴኮንዱ እየተነሳ ዝም ያሉትን ያጠፋል።

የማጠፋው እንዲህ ነው፦ ስፒንሎክ (እስኪለቀቅ እየተሽከረከሩ የሚጠብቁት ሎክ) እይዛለሁ፣ በሊስት ዴል ከሊስቱ አወጣለሁ፣ ስፒንሎኩን እለቃለሁ፣ በኬፍሪ ሜሞሪውን እለቃለሁ። ሁኩ አዲስ ሲያስገባ ያንኑ ሎክ ይይዛል። ሲፈልግ ግን አይዝም፤ ይዘገያል ብዬ ነው።

ባለ አንድ ኮር ቨርቹዋል ማሽን ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሠራ። ባለ 4 ኮር ላፕቶፔ ላይ ግን 10 ደቂቃ አይቆይም፣ ይወድቃል። ሎጉ ላይ ሁለት ጊዜ ያየሁት አድራሻ በ«ዴድ» ይጀምራል፣ ዜሮ ይደረደርበታል፣ በ110 ያልቃል። አንድ ጊዜ ደግሞ ምንም ትርጉም የሌለው አድራሻ ነው። ትናንት ማታማ ሎግም ሳይጽፍ ድርቅ ብሎ ቀረ። መብራት የሄደ ሁሉ መስሎኝ ነበር። ሎክ ይዤ እያጠፋሁ ምን ሆኖ ነው?

አዘዞ ማዶ፦
ቀላሉን ልንገርሽ። ሁኩ ሲፈልግም ስፒንሎኩን ይያዝ። አለቀ። ለአንድ ኢንተርኔት ቤት ፍጥነት ምን አስጨነቀሽ?

የማራኪዋ፦
ፕሮፖዛሌ ላይ «ንባቡ ያለ ሎክ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። አሁን ምን ብዬ ልመለስ?

ጋሼ ከርነል፦
አዘዞ ማዶ ያለው ያስኬዳል፣ ልጄ። እኔም ብሆን መጀመሪያ እሱን ነበር የምሞክረው። ፕሮፖዛሉ ካሰረሽ ግን እንየው።

አድራሻው ራሱ ጥፋቱን እየነገረሽ ነው። ባለ 64 ቢት ኢንቴል ላይ ሊስት ዴል አንዱን አባል ሲያወጣ «ቀጣይ» የሚለውን ፖይንተሩን ሆን ብሎ ይመርዘዋል። መርዙ በዴድ ጀምሮ በ100 የሚያልቅ፣ የነካው እንዲወድቅ የተቀመጠ የውሸት አድራሻ ነው። ያንቺ በ110 ነው ያለቀው። ስትራክትሽ ውስጥ መጀመሪያ የሊስቱ ራስ፣ ቀጥሎ አይፒው ነው ያለው፣ አይደል? የሊስት ራስ ሁለት ፖይንተር ነው፣ 16 ባይት። 16 በሄክስ 10 ይጻፋል። 100 ላይ 10 ጨምሪበት። በቃ፣ አንዱ ኮር እዚያ አባል ላይ ቆሞ ሳለ አንቺ ከሊስቱ አወጣሽበት። እሱ ወደ ቀጣዩ ልሻገር ሲል መርዙን ረገጠ።

ትርጉም የለሹ አድራሻ የባሰ ነው። ኬፍሪ ካልሽ በኋላ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል፤ አንባቢሽ የሰው ዳታ እንደራሱ አድርጎ አነበበ። የመጀመሪያው ቢያንስ ይጮኻል።

ሎኩ የሚከለክለው ሁለት ሰው ባንዴ ሊስቱን እንዳይለውጥ ነው። ሎክ የማይዝ አንባቢ ግን ሎክ መኖሩንም አያውቅ። ባለ አንድ ኮሩ ላይ የተረፍሽው ሁኩ አንዴ ከጀመረ ሳይጨርስ ወርክኪውሽ ተራ ስለማያገኝ ነው።

የፋሲለደስን መዋኛ አስቢ። የጥምቀት ዕለት ጎረምሳው ሁሉ ውሃ ውስጥ ነው። ውሃው እንዲለቀቅ ቢፈለግ መጀመሪያ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ቀድሞ የገባው እስኪወጣ ይጠበቃል። ውሃው የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። በሩ ከተዘጋ ወዲህ የመጣው አያገባንም፤ ድሮስ መቼ ሊገባ። አንቺ በሩን በዘጋሽበት ቅጽበት ውሃውን ለቀቅሽው።

ይሄ መጠበቅ በከርነል አርሲዩ (RCU፣ ሪድ ኮፒ አፕዴት) ይባላል። ሊኑክስ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 2002 ነው፣ በ2.5.43 ከርነል። ደስ የሚለው፣ ማንም በር ላይ ቆሞ ሰው አይቆጥርም። እያንዳንዱ ኮር አንድ ጊዜ ከውሃው ውጭ መታየቱ ይበቃል። አንባቢው ርካሽ የሆነው በዚህ ነው።

ወደ ኮድሽ ስንመጣ፣ ማስገቢያው ሊስት አድ አርሲዩ ይሁን። ፍለጋው በአርሲዩ ሪድ ሎክና ሪድ አንሎክ መካከል፣ በሊስት ፎር ኢች ኢንትሪ አርሲዩ ይሂድ። የኔትፊልተር ሁክ ሲጠራ ከርነሉ ራሱ ሪድ ሎኩን ይይዝልሻል፤ ብትደግሚው ግን አይጎዳም። ማጥፊያው ሊስት ዴል አርሲዩ ነው። ይህኛው «ቀጣይ»ን አይመርዝም፣ የቆመው አንባቢ መንገዱን እንዲቀጥል። በኬፍሪ ፈንታ ደግሞ ኬፍሪ አርሲዩ። ለእሱ ስትራክቱ ላይ አርሲዩ ሄድ ትጨምሪያለሽ፣ 16 ባይት ይበላል።

አደራ፣ ሊስት ዴሉን ብቻ ቀይረሽ ኬፍሪውን እንዳለ እንዳትተዪው። በዴድ የሚጀምረው ክራሽ ይጠፋና ተፈታ ብለሽ ትተኛለሽ። ሌላኛው ግን ዲፌንስሽ ቀን ይመጣል።

ሌሊት ሠራተኛ፦
ድርቅ ያለውን ማንም አልነካው። እህቴ፣ ወርክኪው ውስጥ የያዝሽው ተራ ስፒን ሎክ ነው ወይስ ስፒን ሎክ ቢኤች?

የማራኪዋ፦
ተራው።

ሌሊት ሠራተኛ፦
እሱ ነው እንግዲህ። ወርክኪውሽ ሎኩን እንደያዘ እዚያው ኮር ላይ ፓኬት ይመጣል። ሶፍት አይአርኪው፣ ፓኬቱን የሚያስተናግደው የከርነል አቋራጭ ሥራ፣ ወርክኪውን አቋርጦ ሁክሽን ያስነሳል። ሁኩ አዲስ አይፒ አግኝቶ ሎኩን ይጠይቃል። ሎኩን የያዘው የተቋረጠው ወርክኪው ነው። ያ ካልቀጠለ አይለቅም፤ ይሄ ካልጨረሰ ያ አይቀጥልም። ዘላለም መሽከርከር። ስፒን ሎክ ቢኤች አድርጊው፣ የሎኩ ጊዜ እስኪያልቅ ሶፍት አይአርኪው እዚያ ኮር ላይ እንዳይገባ። የአዘዞ ማዶን መንገድ ብትመርጪም ያው ነው። እንዲያውም ይብሳል፣ በየፓኬቱ ስለሆነ።

አዘዞ ማዶ፦
እሱን መጻፍ ረስቼ ነው።

የማራኪዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉትን ከማንበቤ በፊት የሆነ ቦታ ሲንክሮናይዝ አርሲዩ የሚል አይቼ ስፒንሎኩ ውስጥ ከትቼው ነበር። «ስኬጁሊንግ ዋይል አቶሚክ» ብሎ ጮኸብኝ።

ሌላም አለኝ። ፕሮክ ፋይል አለ፣ ባለቤቱ ቁጥሩን እንዲያይበት። አይፒውን እፈልጋለሁ፣ ፖይንተሩን እይዛለሁ፣ ሪድ አንሎክ እላለሁ፣ ከዚያ ቁጥሩን ወደ ተጠቃሚው እገለብጣለሁ። ይሄስ?

ጋሼ ከርነል፦
ሲንክሮናይዝ አርሲዩ ቆሞ ይጠብቃል፣ ማለትም ይተኛል። ስፒንሎክ ይዞ መተኛት የለም። ከሎኩ ውጭ ትጠሪዋለሽ፣ ወይም ኬፍሪ አርሲዩ ትይና ሥራሽን ትቀጥያለሽ፤ እሱ ጊዜው ሲደርስ ይለቀዋል።

ፕሮኩ ልክ አይደለም። ሪድ አንሎክ ካልሽ ከውሃው ወጥተሻል፤ ማንም አይጠብቅሽም። ለአንድ ቁጥር ብለሽ ፖይንተር አትያዢ። እዚያው ሪድ ሎኩ ውስጥ ቁጥሩን ወደ ራስሽ ቫርያብል ቅጂው፣ ከዚያ ውጪና እንደፈለግሽ ተኚ።

የግድ ረጅም ጊዜ መያዝ ካለብሽ ስትራክቱ ላይ ሪፍካውንት (ስንት ሰው እንደያዘው የሚቆጥር) ጨምሪ። ሪድ ሎኩ ውስጥ ሆነሽ በሪፍካውንት ኢንክ ኖት ዜሮ ታነሺዋለሽ። ዜሮ ደርሶ ካገኘሽው «አላገኘሁም» ብለሽ እለፊ፤ ሙት ማስነሳት ነው ያለበለዚያ። ሊስቱ ራሱ አንድ ቆጠራ ይይዛል። ኬፍሪ አርሲዩ የሚጠራው የመጨረሻዋን የለቀቀው ነው።

ሌሊት ሠራተኛ፦
ሞጁሉ ሲወጣም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሁኩን አንሬጅስተር፣ ፕሮክ ፋይሉንም አጥፊ። ከዚያ ካንስል ዲሌይድ ወርክ ሲንክ፣ ወርክኪው ራሱን እንዳያስነሳ። ከዚያ ሲንክሮናይዝ አርሲዩ፣ በመጨረሻ የቀረውን በተራ ኬፍሪ ጥረጊ። በኬፍሪ አርሲዩ ፈንታ ኮል አርሲዩ ከራስሽ ፈንክሽን ጋር ከተጠቀምሽ ደግሞ አርሲዩ ባሪየር የግድ ነው፣ የቀሩት ጥሪዎች እስኪያልቁ የሚጠብቀው። ፈንክሽኑ ሞጁልሽ ውስጥ ነው ያለው፤ ሞጁሉ ወጥቶ ከርነሉ ሊጠራው ቢሄድ ባዶ ሜዳ ያገኛል። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ሳምንት ሃርድዌሩን ስወቅስ ኖሬያለሁ። ራም ሁሉ ቀይሬያለሁ።

ደግሞ ካሳን (KASAN፣ የሜሞሪ ስህተት የሚይዝ የከርነል መፈተሻ) የተከፈተበት ከርነል ሠርተሽ ፈትኚው። የተለቀቀ ሜሞሪ የነካውን በስም ጠርቶ፣ ማን እንደለቀቀው ጭምር ይነግርሻል። ከራምሽ አንድ ስምንተኛውን ይወስዳል፤ ላፕቶፕሽ ይችለዋል?

የማራኪዋ፦
4 ጊጋ ነው፣ እያቃሰተም ቢሆን ቻለው።

መጀመሪያ የድሮውን ኮድ ሰጠሁት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ የኬፍሪዬን መስመር ቁጥር ሳይቀር አወጣልኝ። አዲሱን ከማታ 2 ሰዓት ጀምሮ በአራቱም ኮር ፓኬት እያዘነብኩበት፣ ማጥፊያውን ወደ 1 ሴኮንድ አውርጄ አሳደርኩት። እስከ ሌሊት 9 ሰዓት ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ባትሪው ያረጀ ነው፣ መብራት ሄደ። ዛሬ የእውነት።

ጋሼ ከርነል፦
ሞጁሉን በመሀል ስንት ጊዜ አውጥተሽ አስገባሽ?

የማራኪዋ፦
አንዴም።

ጋሼ ከርነል፦
እንግዲያው ዛሬ ማታ እሱን በሉፕ አድርጊው። ፓኬቱ እየዘነበ 500 ጊዜ ይውጣ ይግባ። ነገ ጠዋት ሎጉን እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።