«ወንጀል አይከፍልም» ወይስ «ወንጀል አያዋጣም»?

ተርጓሚው፦ ስለ አሜሪካ የወንጀል ኮሚክስ (በተከታታይ ሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶች) ታሪክ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አንድ የመጽሔት ስም ላይ ቆሜያለሁ፦ «ክራይም ደዝ ኖት ፔይ»። አሳታሚው ሌቭ ግሊሰን፣ አዘጋጆቹ ቻርልስ ባይሮና ቦብ ውድ ናቸው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። «ወንጀል አይከፍልም» ብዬ ነበር፤ ጆሮ አይቀበለውም። ምን ይባል?

ማኅቶት፦ «አያዋጣም» ነው፣ አያከራክርም። እርሻው አላዋጣም፣ ንግዱ አያዋጣም እንል የለም? ሥሩ ግዕዙ «ወፅአ» ነው። ያዋጣል ማለት የገባበትን ያወጣል ማለት ነው። መዋጮም ከዚያው ነው።

ዘጎንጅ፦ ወንድሜ፣ ሥሩን ይዘኸዋል፣ ምስጢሩን ለቀኸዋል። በግዕዝ «ፈደየ» ዕዳ ከፈለ፣ ብድር መለሰ ነው፤ «ፍዳ» ከዚያ ወጣ። ክፍያና ቅጣት በአንድ ቃል! ሮሜ 6፥23 ላይ «የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነውና» የሚለውን አስብ። የመጽሔቱም ታሪኮች እንዲሁ ናቸው፤ ሽፍታው ገጽ በገጽ ሲዘርፍና ሲገድል ቆይቶ መጨረሻ ላይ በፖሊስ ጥይት ወይም በኤሌክትሪክ ወንበር ያልቃል። «ወንጀል ፍዳ አለው» በለው።

ማኅቶት፦ የኔታ፣ ፍዳ የዳኛ ቃል ነው። ርእሱ ግን የሚናገረው ለሚያሰላ ሰው ነው፦ ትርፍና ኪሳራ። ታሪኩን የሚተርከውም ሚስተር ክራይም የሚባል ባለ ረጅም ባርኔጣ መንፈስ ነው፤ ወንጀለኛውን ከጎኑ ሆኖ ያደፋፍራል። እሱ ባለበት «ፍዳ» ብሎ መጀመር ጨዋታውን ገና ሳይጀመር ይጨርሰዋል።

ፊደል ቀራጭ፦ ሽፋኑን ሳታዩ አትወስኑ። «ክራይም» ግዙፍ ነው፣ የቀሩት ሦስት ቃላት ትናንሽ ናቸው። ከጋዜጣ መደብሩ ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው የሚነበበው «ወንጀል» ብቻ ነው፤ ሽያጩም ያለው እዚያ ላይ ነው። በኦክቶበር 1954 አሳታሚዎቹ ያጸደቁት የኮሚክስ ደንብ ይህንኑ ነው የዘጋው፦ በርእስ ውስጥ «ወንጀል» የሚለው ቃል ከሌሎቹ ቃላት በመጠን ጎልቶ እንዳይበልጥ፣ ሽፋን ላይም ብቻውን እንዳይቆም። ስለዚህ የአማርኛው ርእስ ለሁለት መሰንጠቅ አለበት፦ «ወንጀል» 4 ፊደል በትልቁ፣ «አያዋጣም» 5 ፊደል ከሥሩ በትንሹ። እንግሊዝኛው አሉታውን ለብቻው ቃል አድርጎ ያሳንሰዋል፤ የእኛ «አ…ም» ከግሱ ስለማይነጠል ሙሉውን ቃል ማሳነስ ግድ ነው። ግን ከልክ በላይ አታሳንሱት፤ በርካሽ ወረቀት ላይ ቀለም ሲሰፋ የ«ዋ» እግር ተውጦ «ወ» ይመስላል። «ፍዳ አለው» ግን አሉታ ስለሌለው የሽፋኑን ተንኮል ያጠፋዋል፦ ትልቁ ቃል የሚጠራውን ትንሹ የሚክደው በአሉታው ነው።

ማኅቶት፦ ካነሳነው አይቀር፣ «ወንጀል» ከ«ወንጌል» ተገላብጦ የወጣ አይመስላችሁም? የምሥራቹ ተቃራኒ?

ዘጎንጅ፦ ፈጽሞ! «ወንጌል» ከግሪክ የመጣ ነው፤ «ጀ» ደግሞ በግዕዝ ገበታ የለም። ይልቅ «ወነጀለ»ን ተመልከት፣ ባለ አራት ፊደል ግስ ነው። ውንጀላ ክሱ ነው፣ ወንጀል ድርጊቱ። «ከሰሰ» ስትል እውነትም ሐሰትም ሊሆን ይችላል፤ «ወነጀለ» ስትል ግን ያልሠራውን ለጠፈበት ወደሚለው ያደላል።

ፊደል ቀራጭ፦ ይህ ልዩነት ለትርጉሙ ይጠቅማል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ዌርተም በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ኮሚክስ ልጆችን ወደ ጥፋት ይመራል ብሏል። ካሮል ቲሊ የተባለች ተመራማሪ የእሱን የሰነዶች ክምችት መርምራ በ2012 እንዳሳየችው፣ ዌርተም የልጆቹን ቃል በየቦታው ቀይሯል፣ አጋኗል። እዚህ «ወነጀለ» ይገባል።

ዘጎንጅ፦ አይገባም። ከክሱ ከፊሉ እውነት ነበርና። የተቆረጠ ጭንቅላት ያለበት ሽፋን አልታተመም እንዴ? «ከሰሰ» በቂ ነው።

ፊደል ቀራጭ፦ ሽፋኑ ታትሟል፣ ግን በሌላ መጽሔት ላይ ነው፤ የሠዓሊው የጆኒ ክሬግ ሥራ ነው። ማስረጃ የቀየረ ሰው ግን፣ ከተናገረው ከፊሉ እውነት ቢሆንም፣ ወንጅሏል።

ተርጓሚው፦ ርእሱስ? ሌላም አለ፤ የመጀመሪያው እትም ቁጥር 22 ይላል። ስሕተት ነው?

ፊደል ቀራጭ፦ ስሕተት አይደለም፣ እንዳታርመው። «ሲልቨር ስትሪክ» የተባለው መጽሔት 21 ላይ ሲቆም ቁጥሩ ተወረሰ፤ እስከ 147 ሄዶ በ1955 አበቃ። ከጻፍከው ውስጥ የኮሚክስ አሳታሚው ዊልያም ጌይንስ «ተከሶ ሴኔት ቀረበ» የሚል ካለም አስተካክል። የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ስለ ኮሚክስ ኤፕሪል 21 ቀን 1954 ኒው ዮርክ ላይ ምስክር ሲሰማ፣ ዌርተም በቀረበበት በዚያው ቀን፣ ጌይንስ የቀረበው ምስክር ሆኖ ነው።

ዘጎንጅ፦ «መሰከረ» በል እንግዲህ። «ስምዕ» ከሚለው ነው፣ «ሰምዐ»…

ማኅቶት፦ የኔታ፣ «መሰከረ» እና «ሰምዐ» አንድ ሥር አይደሉም!