ሀራም እና እርም አንድ ቃል ናቸው?

ጠያቂ፣ ከኮዬ ፈጬ
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ወር እናቴ አርፋ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ ድንኳን ጥለን ነበር። ከላያችን 3ኛ ፎቅ ያሉት ሙስሊም አባት ከጎኔ አልተለዩም። የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበሉ ምስር ወጥ ለብቻ እናቀርብላቸው ነበር። በሠልስቱ አክስቴ «አልቅስ፣ እርምህን አውጣ» አለችኝ። እሳቸው ሰምተው «እርም እኮ የኛው ሐራም ነው ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። እውነት አንድ ናቸው? ሀራም የተከለከለ ከሆነስ፣ የመካው ትልቁ መስጊድ ለምን «መስጂደል ሐራም» ተባለ?

መድረሳ ያደግኩ፣ ከቡራዩ
አላህ ያጽናህ ወንድሜ። ሥሩ ሐ-ረ-መ ነው። ሐሳቡ ክፋት ሳይሆን ማጠር ነው። አንዳንዱ ነገር ርኩስ ስለሆነ ይታጠራል፣ እንደ አሳማ ሥጋ። አንዳንዱ ደግሞ ክቡር ስለሆነ አይደፈርም። መካ ሁለተኛው ናት። እዚያ ማደን፣ በራሱ የበቀለ ዛፍ መቁረጥም ክልክል ነው። ሙሐረም ውጊያ ከተከለከለባቸው 4 ወራት አንዱ ነው። ሐጅ የሚሄድ ኢሕራም ወደሚባለው የክልከላ ሁኔታ ይገባል፤ ወንዱ 2 ያልተሰፋ ጨርቅ ይለብሳል፣ ሽቶ አይነካም፣ ጥፍሩን አይቆርጥም። መሕረም ማለት የማታገባት ዘመድህ ናት፦ እናት፣ እህት፣ አክስት። ኢሕቲራም አክብሮት ነው። እኔ ግን ከሁሉ የምወዳት «ማሕሩም»ን ነው፣ የተነፈገ ማለት ነው። ቁርኣን ከሀብታሙ ገንዘብ ለለማኙም ለማሕሩሙም ድርሻ አላቸው ይላል። ያ ሰው እጁን አይዘረጋም፣ ስለዚህ ማንም አያየውም።

የቀድሞ የቆሎ ተማሪ፣ ከሰበታ
ነፍስ ይማር። ጎረቤትህ ልክ ናቸው። ግን ከዐረብኛ የተዋስነው አይደለም። ግዕዝም የራሱ ሐረመ አለው፤ ሕርም ከዚያ ነው። በአማርኛ አነጋገር ሐ ስለላላ እርም ሆነ። የመነኮሳቱ ትሕርምትም፣ ማለትም ራስን ከምግብና ከምቾት መከልከል፣ ከዚሁ ነው። ዕብራይስጡ ሔሬም ይለዋል። መጽሐፈ ኢያሱን ክፈት፦ ኢያሪኮ ለእግዚአብሔር እርም ሆነች። ወርቁና ብሩ ወደ እግዚአብሔር ግምጃ ቤት ሲገባ፣ አካን ሰርቆ ደበቀና ተቀጣ። ያ ወርቅ ርኩስ ስለሆነ አልነበረም፣ የሌላ ስለሆነ እንጂ።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። መሕረም ሲባል እናት ቀድማ መጠራቷ ልቤን ነካው። ስልኬን ይዤ ወደ 3ኛ ፎቅ እየወጣሁ ነው፣ ላነብላቸው።