አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ማን አመነኮሳቸው? የሐይቁ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወይስ የደብረ ዳሞው አባ ዮሐኒ?

ወለተ ሥላሴ

ሰላም ለዚህ ቤት እንዴት ናችሁ። ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ስለሆነ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ለታዳጊዎች ታሪካቸውን እንዳስተምር ተመድቤ እየተዘጋጀሁ ነው፣ ግን ባነበብኩ ቁጥር እየተምታታብኝ መጣ። ዩቲዩብ ላይ አንድ መምህር አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት አባት ናቸው፣ ሐይቅ ላይ አስተምረው ያመነኮሷቸው እሳቸው ናቸው ይላሉ፣ ሌላው ደግሞ ቆብና አስኬማ (የምንኩስና ከፍተኛው ማዕረግ ልብስ) የተቀበሉት ደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ነው ይላሉ፣ ሦስተኛው ጭራሽ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው ለአቡነ ኢየሱስ ሞዓ አስኬማ የሰጡት አሉና ተማሪው ለመምህሩ እንዴት ሰጠ ብዬ ቀረሁ። በዛ ላይ ንጉሡን ይኩኖ አምላክን ያነገሡት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው፣ አይ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው የሚለው ክርክር አለ። ልጆቹ 14 እና 15 ዓመት ናቸው ሁሉም ስልክ ይዘዋል፣ እዛው ቁጭ ብለው ሰርች አድርገው ነው የሚጠይቁኝ። በደንብ የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ገብረ ሕይወት

እህቴ ሦስቱም ልክ ናቸው፣ በቅደም ተከተል ስላልተነገረሽ ነው የተምታታብሽ። እኔ ከአባቶች እንደሰማሁትና ገድሉም ላይ እንዳለው ልንገርሽ።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የዳህና ሰው ናቸው፣ አባታቸው ዘክርስቶስ እናታቸው እግዚእ ክብራ ይባላሉ። በ30 ዓመታቸው ቤተሰብ ትተው ደብረ ዳሞ ወጡ፣ አበምኔቱ አባ ዮሐኒ ነበሩ። እዛ እንደማንኛውም ረድእ ውሃ ቀድተው እንጨት ሰብረው እህል ፈጭተው አመክሮአቸውን ጨርሰው መነኮሱ፣ 7 ዓመት ከቆዩ በኋላ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄዱ፣ ይሄ እ.ኤ.አ 1248 አካባቢ ነው። ስለዚህ እሳቸው ራሳቸው የዮሐኒ ልጅ ናቸው ማለት ነው።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ ከሸዋ ተነሥተው መጀመሪያ አባ በጸሎተ ሚካኤል ጋ 12 ዓመት አገለገሉ፣ ቀጥሎ ሐይቅ መጥተው በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር 10 ዓመት ተማሩ። የምንኩስናውን መጀመሪያ ቀሚሱን ቅናቱን (መታጠቂያውን) እዛ ነው የተቀበሉት። ከዛ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወደ ራሳቸው መምህር ወደ ዮሐኒ ደብረ ዳሞ ላኳቸውና ቆቡንና አስኬማውን ከዮሐኒ እጅ ተቀበሉ፣ እዛም 12 ዓመት ቆዩ። ክንፍ የተሰጣቸውም ከዳሞ ሲወርዱ ገመዱ ሲበጠስ ነው የሚባለው። ዳሞ የወጣ ሰው ይሄ ታሪክ ሲነገር ሆዱ ነው የሚላወሰው፣ ገደሉ 15 ሜትር ገደማ ነው፣ አንዱን ጠፍር ወገብህ ላይ ያስሩልህና ከላይ መነኩሴው ይጎትታል፣ አንተ ሌላውን ጠፍር ጨብጠህ በባዶ እግርህ ድንጋዩን እየረገጥክ ነው የምትወጣው፣ መሀል ላይ ስትደርስ እጅህ ይዝልና ወደታች ማየት አትፈልግም።

እና ሲመለሱ በሐይቅ አለፉ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እስከዛ ድረስ አስኬማ አልነበራቸውምና ከልጃቸው እጅ ተቀበሉ። እኔ ከጠቅላላው ገድል ይሄን ቦታ ነው የምወደው፣ ስንቱን መነኩሴ የሚያስተዳድር አበምኔት ያውም እድሜያቸው እኩያ ነው (ሁለቱም የተወለዱት 1214፣ 1215 አካባቢ ነው የሚባለው) ትናንት ያስተማረው ተማሪ ፊት ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። ልጆቹ ተማሪ ለመምህር እንዴት ይሰጣል ካሉሽ ከዮሐኒ የመጣውን ነው ያደረሱላቸው በያቸው።

አንባቢ ነኝ

ገብረ ሕይወት የጻፈው በትውፊት የሚነገረው ነው ጥሩ አድርጎ አስቀምጦታል፣ እኔ የምጨምረው ገድሎቹ መቼና የት እንደተጻፉ ብታውቂ ለምን የተለያየ ነገር እንደምትሰሚ ይገባሻል የሚለውን ነው።

የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል አንድ አይደለም። የዋልድባ የሚባል አለ፣ የሐይቅ የሚባል አለ፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚነበበው ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ ነው፣ እሱ የተጻፈው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ጻድቁ ያረፉት 1313 ነው፣ በመሀል 200 ዓመት አለ። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓም ገድል እንደዛው ካረፉ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው የተጻፈው። እና በነዚህ 200 ዓመታት ውስጥ ሁለቱም ገዳማት ትልቅ ሆነዋል፣ የሐይቁ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ ቤተ መንግሥት ውስጥ ንጉሡ ጎን ይቀመጣል፣ በዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ኢየሱስ ምን ያህል ኃይል እንደነበራቸው ታሪክ ያነበበ ያውቀዋል፣ የደብረ ሊባኖሱ ደግሞ እጨጌ ተብሎ ቀስ በቀስ የመነኮሳቱ ሁሉ አለቃ ሆነ። ስለዚህ የሐይቅ ጸሐፊ ሲጽፍ አባታችን አስተማሯቸው የሚለውን ያጎላል፣ የደብረ ሊባኖስ ጸሐፊ ሲጽፍ አባታችን አስኬማ ሰጧቸው የሚለውን ያጎላል።

የይኩኖ አምላክም ነገር እንዲሁ ነው። ደብረ ሊባኖስ ያነገሡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው ይላል፣ ሲሶ መሬት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠውም በዛ ቃል ኪዳን ነው ይላል። ሐይቅ ደግሞ ይኩኖ አምላክ እኛ ጋ ነው የተማረው ኪዳኑም ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጋር ነው ይላል። እስቲ ራሱ ገድሉ የሚሰጠውን ዓመት ደምሩት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሐይቅ የደረሱት ከ1248 በኋላ ነው፣ 10 ዓመት ሐይቅ፣ 12 ዓመት ዳሞ፣ ደብረ አስቦን (በኋላ 1445 ላይ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ሊባኖስ ያለውን) የመሠረቱት ወደ 1284 ገደማ ነው። ይኩኖ አምላክ የነገሠው 1270 ነው። በዚህ ስሌት በዛን ሰዓት ጻድቁ ገና ወደ ሸዋ አልተመለሱም። የሐይቅን አበምኔቶች ከ1248 እስከ 1535 ድረስ ያጠኑት ፕ/ር ታደሰ ታምራትም የሐይቁን ትውፊት ነው ያስቀደሙት፣ እኔም እሱ ያመዝናል ባይ ነኝ።

ሐመረ ኖኅ

አንባቢ ነኝ ይቅርታ አድርግልኝና እንደዚህ አይነት አጻጻፍ ደስ አይለኝም። ገድል የሥልጣን ፉክክር ወረቀት አይደለም። ቅዱሳኑ ዓለምን ንቀው የወጡ ሰዎች ናቸው፣ ጻድቁ ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው ተቆርጦ 7 ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው የጸለዩ አባት ናቸው፣ አንተ እጨጌና ዐቃቤ ሰዓት እያልክ የቤተ መንግሥት ወንበር ታወራለህ። እህታችን ለታዳጊ ነው የምታስተምረው፣ 14 ዓመት ልጅ ገድሉ ከ200 ዓመት በኋላ ነው የተጻፈው ሲባል የሚሰማው ውሸት ነው የሚለውን ነው። እኔ የራሴ የአጎቴ ልጅ እንደዚህ እንደዚህ እየተባለለት ነው ከቤተ ክርስቲያን የቀረው፣ ስለዚህ ነገሩ ያመኛል።

አንባቢ ነኝ

ወንድሜ ሐመረ ኖኅ ስለ አጎትህ ልጅ ከልቤ አዝናለሁ፣ ቀላል ነገር አይደለም። ግን እኔ ቅዱሳኑ ተፎካከሩ አላልኩም፣ ልብ በል፣ እነሱማ አንዱ ለአንዱ ጎንበስ ብለው ነው ያለፉት። ያልኩት ስለ ጸሐፊዎቹ ነው። እና ልጁ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል፣ ዛሬ ከወለተ ሥላሴ ካልሰማው ነገ ከማያውቀው ሰው፣ ያውም ቤተ ክርስቲያንን ከማይወድ ሰው ይሰማዋል። ከምትወደው መምህሩ አፍ ቢሰማው አይደነግጥም። የቅዱስ እንጦንስን ገድል አትናቴዎስ ጻድቁ በ356 ካረፉ ብዙም ሳይቆይ ነው የጻፈው፣ ያውቃቸውም ነበር፣ ሁሉም ቅዱስ እንደዛ አይነት ጸሐፊ አላገኘም፣ ስለዚህ የሌሎቹ አባቶች ነገር በመነኮሳት ቃል ነው ሲወርድ ሲዋረድ የቆየው። በቃል የቆየ ነገር ደግሞ ውሸት ነው ማለት አይደለም፣ ሁለት ተፎካካሪ ገዳማት ሁለቱም ተክለ ሃይማኖት ሐይቅ ተማሩ ብለው መስማማታቸው በራሱ ትልቅ ምስክር ነው፣ ለደብረ ሊባኖስ ያንን መደበቅ ይቀልላት ነበር አልደበቀችውም።

የወሎ ልጅ

ስለ ሐይቅ ሲወራ ዝም ማለት አልችልም። ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ድሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ተገናኝቷል በእግር ነው የሚገባው፣ ግን ወደ ገዳሙ ወንድ ብቻ ነው።

እናንተ ስለ ገድል ስትከራከሩ ከገድሉ በፊት የተጻፈውን ረሳችሁት። የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የሚባለው አለ እኮ! አራቱ ወንጌላት በብራና፣ እሳቸው በሕይወት እያሉ እ.ኤ.አ 1280/81 ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት። ውስጡ የራሳቸው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል አለበት፣ በሕይወት እያሉ የተሣለ፣ እስቲ አስቡት የ13ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ቅዱስ ፊት በዘመኑ ሰው እጅ ተሥሎ ማየት። መጽሐፉን የሰጡት እሳቸው መሆናቸውና የሚሰርቀው እንዲወገዝ ተጽፎበታል፣ ለገዳሙ ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት ዝርዝርም አለ፣ ከ80 በላይ ናቸው። በዛ ዘመን አንድ መጽሐፍ ማለት ስንት ፍየል ታርዶ ስንት ቆዳ ተፍቆ ተወጥሮ ደርቆ ቀለሙ ተቀምሞ ጸሐፊው ወራት ቁጭ ብሎ ነው የሚያልቀው፣ ሐይቅን ትምህርት ቤት ያደረጋት ይሄ ነው፣ ዝም ብሎ ጸሎት ቤት ብቻ አልነበረም። የጣናው የዳጋ እስጢፋኖስ መሥራች አቡነ ኂሩተ አምላክም የእሳቸው ልጅ ናቸው፣ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም ከብዙ ዓመት በኋላ ሐይቅ ነው የተማሩት።

የግራኝ ጦር 1530ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሐይቅን ሲይዝ የገዳሙ ወርቅ ተወሰደ፣ ወንጌሉ ግን ተርፏል። ማይክሮፊልምም ተነሥቷል፣ EMML በሚባለው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ስብስብ ውስጥ መለያ ቁጥሩ 1832 ነው። ወለተ ሥላሴ ለልጆቹ ሥዕሉን ፈልገሽ አሳያቸው፣ ከመቶ ስብከት ይበልጣል፣ እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን እንባዬ ነው የመጣው።

ወለተ ሥላሴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ሐመረ ኖኅ ያንተም ስጋት ገብቶኛል በጥንቃቄ ነው የምነግራቸው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፣ እንጦንስ መቃርስን ወለደ መቃርስ ጳኩሚስን ወለደ ጳኩሚስ አረጋዊን፣ አረጋዊ ክርስቶስ ቤዛነን፣ ክርስቶስ ቤዛነ መስቀል ሞዓን፣ መስቀል ሞዓ ዮሐኒን፣ ዮሐኒ ኢየሱስ ሞዓን፣ ኢየሱስ ሞዓ ተክለ ሃይማኖትን የሚለውን የምንኩስና ሐረግ በቃላቸው ላስጠናቸው አስቤ ነበር። ግን አቡነ አረጋዊ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፣ ዮሐኒ የ13ኛው፣ በመሀል ሁለት ሰው ብቻ? 700 ዓመት በሁለት ሰው?

ገብረ ሕይወት

አስጠኛቸው እንዳትተዪው! ጥያቄሽ ግን ትክክል ነው። ሐረጉ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደመጣ የሚያሳይ እንጂ እያንዳንዱን አበምኔት የሚቆጥር አይደለም፣ ስማቸው ያልተጠራ ብዙ አባቶች በመሀል አሉ። ላይኛውም ላይ ያው ነው፣ አባ ጳኩሚስን በገዳም ያሳደጓቸው አባ ጰላሞን ናቸው፣ ሐረጉ ላይ ግን ጰላሞን የሉም። ጳኩሚስም ያረፉት በ4ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው፣ አቡነ አረጋዊ ወደኛ አገር የመጡት ከዛ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው፣ የተቀበሉት የጳኩሚስን ሥርዓት ነው ማለት ነው። የማቴዎስ ወንጌልም የጌታን ትውልድ ሲቆጥር ነገሥታትን ዘሎ 14፣ 14፣ 14 አድርጎ የለ? ልጆቹ ይሄን ወንጌል ያውቁታል፣ እሱን አንብበሽላቸው ብትጀምሪ ሳይከብዳቸው ይገባቸዋል።

ሐመረ ኖኅ

ይሄ የማቴዎሱ ጥሩ ነው፣ በዚህ እስማማለሁ። ወለተ ሥላሴ ፖስተር የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ ቀኖቹን እንዳይቀላቅሉብሽ፣ ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዕረፍት ነው፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት ታኅሣሥ 24፣ ስባረ ዐፅማቸው ጥር 24፣ ፍልሰተ ዐፅማቸው ግንቦት 12፣ ዕረፍታቸው ነሐሴ 24። ባለፈው አንድ ቴሌግራም ቻናል ላይ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓን በዓል በስድስት ክንፍ ሥዕል ለጥፈውት አይቻለሁ፣ ስድስት ክንፉ የተክለ ሃይማኖት ነው። የወሎ ልጅ ያለውን የሐይቁን ሥዕል ተጠቀሚ።