የኦዝ መጻሕፍት፦ ደራሲው ከተቀየረ በኋላ ልጆቹን በየትኛው እናስቀጥል?

ጥያቄ (ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከ9 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ኦዝ ስለሚባለው ምናባዊ አገር የተጻፉትን ታሪኮች ወደ አማርኛ እየመለስን እናነብላቸዋለን። የፍራንክ ባውም 14 መጻሕፍት እያለቁ ነው። ከዚያ ሩት ፕላምሊ ቶምሰን ቀጠለች ይባላል፤ 15ኛው ሽፋን ላይ ግን የባውም ስም አለ። የማን ነው? ከእሷስ የትኛውን እናስቀድም?

የጦሳ ልጅ
አብሽሪ እህቴ፣ የቶምሰን ነው። ባውም እ.ኤ.አ. በ1919 ሞተ፤ 14ኛው በ1920 ወጣ። 15ኛው በ1921 ሲታተም ከባውም ማስታወሻ የተስፋፋ ተብሎ ስሙ ከፊት ገባ እንጂ ጽሑፉ የእሷ ነው። እስከ 1939 በየዓመቱ አንድ፣ በድምሩ 19 ጽፋለች። ጆን ኒል ከ2ኛው መጽሐፍ ጀምሮ ሥዕሉን ስለሠራ ገጹን ገልጦ ለውጡን ማወቅ ይከብዳል።

በ15ኛው ግን አትጀምሩ። የወፍ ማስፈራሪያው ዘሩን ፍለጋ ወደ ብር ደሴት ይወርዳል፤ የደሴቲቱ ሰዎች የተቀረጹት በቻይናውያን ላይ በሚያሾፍ የዘመኑ ዓይን ነው። 16ኛው፣ «ካቡምፖ» (1922)፣ ይሻላል፦ የልዑሉ የልደት ኬክ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ይፈነዳል፣ ዋናው ገጸ ባሕሪ ደግሞ ኩራተኛ ዝሆን ነው። ልጅ አያንቀላፋበትም።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)
በ16ኛው እስማማለሁ፤ ግን 13ኛውን ሳትጨርሱ አትዝለሉ። የኖሞቹ (ከመሬት ሥር የሚኖሩት ፍጥረታት) ንጉሥ የነበረው ክፉው ሩጌዶ በ13ኛው መጨረሻ የመርሻ ውሃ ጠጥቶ ኦዝ ውስጥ ይቀራል፤ 16ኛው የሚያነሣው ከዚያ ነው። «የኖሞቹ ንጉሥ ሮኳት የት ገባ?» የሚል ልጅ ካለ ያው ሰውዬ ነው። በ6ኛው ውሃውን ጠጥቶ ሁሉን ረሳ፣ ከ8ኛው ጀምሮ ሩጌዶ ተባለ። ቶምሰን የእንግሊዝኛውን «ኖም» በአንድ ፊደል ለውጣ ስለምትጽፍ ሌላ ሕዝብ ነው ብላችሁ ሁለት ስም አታውጡ።

ጠያቂዋ
አላህ ይስጥልኝ። ትርጉሙ ላይስ የሚያስቸግረው ምኑ ነው?

ቦርከና ማዶ
ጾታ። 2ኛው ላይ ቲፕ የሚባለው ልጅ መጨረሻ ላይ ልዕልት ኦዝማ ሆኖ ይገለጣል። እንግሊዝኛው በተውላጠ ስም ብቻ ይወጣዋል፤ አማርኛ ግን ግሡ ሁሉ ይናገራል። እስከ አስማቱ መፈታት ድረስ «ሄደ፣ አለ» በሉ፤ አንድ «ሄደች» ካመለጠቻችሁ ምሥጢሩ አለቀ። ሌላው ቲክ ቶክ ነው። ልጆቹ የስልኩን ይመስላቸውና ይስቃሉ፤ እዚህ ግን በ1907 የመጣ የመዳብ ሰው ነው። እንደ ድሮ ሰዓት ይሞላል፦ ለማሰብ በግራ ብብቱ ሥር፣ ለመናገር በቀኝ ብብቱ ሥር፣ ለመንቀሳቀስ ጀርባው መሀል። «ቻርጅ» አትበሉ፣ «ይሞላል» በሉ፤ የማሰቢያው ሲያልቅ ንግግሩ ብቻውን ይቀጥላል፣ ቀልዱም እሱ ነው። ቶምሰን ደግሞ በቃላት መጫወት ታበዛለች፤ እሱን ቃል በቃል ከመለሳችሁት ይሞታል። እንቆቅልሽ ወይም ቤት የሚመታ ግጥም ተኩበት።

ሰኞ ገበያ
ካርታ ካሳያችኋቸው ተጠንቀቁ። ከኦዝ ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ማንችኪኖች በ1ኛው መጽሐፍ ምሥራቅ ናቸው፤ ከ8ኛው ጋር የወጣው የ1914 ካርታ ግን በግራ አስቀምጧቸዋል። በቀለም ያዙት፦ ማንችኪን ሰማያዊ፣ ዊንኪ ቢጫ፣ ኳድሊንግ ቀይ፣ ጊሊኪን ሐምራዊ፣ መሀሉ አረንጓዴ። ልጆቹ መጀመሪያ ደሴን መሀል አድርገው ሐይቅን ወደ ሰሜን፣ ኮምቦልቻን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሳሉ፤ አቅጣጫ የገባው ልጅ የካርታውን ስሕተት ራሱ ያገኘዋል።

ፎቶኮፒ ለማብዛት ካሰባችሁ ከባውም አትውጡ። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 የሚቆጥረው የደራሲውን ዕድሜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ቶምሰን ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ጮክ ብሎ ማንበብና አባዝቶ ማደል ደግሞ አንድ አይደለም።